«እንዲህ አይደለም»

ሰሞኑን ልጆቼን ይዤ ለሁለት ቀን ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ የመጫወቻ ሙዚየሙን ነው። በሩ ላይ በትልቁ «እባክዎ ይንኩ» ይላል። ደስ አለኝ። እኔ ሙዚየም ውስጥ የማውቀው ቃል «አይንኩ» ነው።

ደስታዬ የቆየው እስከ ሌጎው (እርስ በርስ የሚገጣጠሙት የፕላስቲክ ጡቦች) ጠረጴዛ ድረስ ነው።

አንድ አባት ልጁ አጠገብ ተንበርክኳል። ልጁ ቢበዛ አምስት ዓመቱ ነው። ቀዩን ጡብ ሰማያዊው ላይ ሊያደርግ ሲል አባቱ እጁን ያዘና «እንዲህ አይደለም፣ ቆይ ላሳይህ» አለው። ልጁ ቆየ። ቢጫውን አነሳ። «እንዲህ አይደለም።» አረንጓዴውን አነሳና፣ አባቱ ምንም ሳይል፣ ራሱ መልሶ አስቀመጠው።

ደሜ ፈላ። ባለ ስምንት ጉጥ የሆኑ ስድስት ተመሳሳይ የሌጎ ጡቦች በ915,103,765 መንገድ ይገጣጠማሉ። በሒሳብ የተሰላ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውዬው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም ሣጥኑ ላይ የተሳለውን!

ደግሞ «ንኩ» የሚል ሙዚየም እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ከታወቁት አንዱን፣ የሳንፍራንሲስኮውን ኤክስፕሎራቶሪየም፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈተው ፍራንክ ኦፐንሃይመር የተባለ የፊዚክስ ሰው ነው። የአቶሚክ ቦምቡን ሥራ የመራው የሮበርት ኦፐንሃይመር ታናሽ ወንድም። ከአንድ ማኅፀን ወጥተው አንዱ ማንም እንዳይነካው የምንጸልይለትን ሠራ፣ ሌላው ሁሉም ሰው ይንካው ያለውን። (እውነቱን ለመናገር ታናሽየውም ቦምቡ ላይ እጁ አለበት።)

ነገርን ነገር ያነሳዋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ባለ ቀለሙ ሊጥ ጋ ስንደርስ ትዝ አለኝ። ሴት ልጄ እስከ ክርኗ ገብታበታለች። ይሄ ፕሌይ ዶው የሚሉት ሊጥ መጀመሪያ የግድግዳ ወረቀት ላይ የያዘ የከሰል ጥላሸት ማጽጃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መዋዕለ ሕፃናት ገባና መጫወቻ ሆነ። እና ተረቱ ልክ ነው፣ ለራት አይበቃም። ግን ራት የጠየቀ ማን አለ? ልጅ የነካውን ሁሉ ለራት ይበቃ እንደሆነ መመዘን የአዋቂ በሽታ ነው።

በዚህ ጉዳይ የቆየ ቂም አለብኝ። ሰባት ዓመቴ ላይ አጎቴ ቀይ መኪና አመጣልኝ። በሩ ይከፈታል፣ መሪው ይዞራል። እናቴ «እንዳይሰበር» ብላ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣችው። ከታች ሆኜ የሚታየኝ የፊት መብራቱ ብቻ ነው። በፈተና ጥሩ ሳመጣ ለአሥር ደቂቃ ይወርዳል፤ እሱም በእሷ እጅ። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን እንግዶች መጡ፣ ልጃቸው አለቀሰ፣ መኪናው ወረደለት። ማታውኑ መሪው ተነቀለ። «ልጅ አይደል እንዴ!» ተባለ። እኔስ ምን ነበርኩ? እናቴ ዛሬም ሳነሳባት ወሬ ትቀይራለች።

ቁም ሣጥን ላይ የማይሰቀል መጫወቻ ብርቅ ነው። አሜሪካ ሮቼስተር ያለው ስትሮንግ ሙዚየም የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካርቶን፣ በ2008 ዱላ ገብተውበታል። ካርቶኑ ይገባኛል። ዱላን ግን በልጅነቴ በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ሰውዬው። ሊዘጋ ሲል በዚያ በኩል አለፍን። ግንቡ ቆሟል፣ ቁርጥ የሣጥኑን ሥዕል። ልጁ የአባቱን ጃኬትና ስልክ ታቅፎ ቆሟል። ሴት ልጄ አየት አደረገችውና «አባዬ፣ ያ ልጅ እዚህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለችኝ።

አባትየው ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝ። «አንዲት መስኮት ናት የቀረችኝ» አለ።

መስኮቷን አየኋት። ተዘቅዝቃለች። ጎንበስ አልኩና «እንዲህ አይደለም፣ ገልብጣት» አልኩት።

አመሰገነኝ። ልጁ ገላመጠኝ።