ገዢ ያጣን ምስኪኖች

ስድስት ኪሎ፣ የየካቲት 12 ሐውልት በመስኮት የሚታይበት ካፌ ቁጭ ብያለሁ። ከጎኔ ያለው ወንድሜ ማኪያቶውን እያማሰለ «እኛን የጎዳን ቅኝ አለመገዛታችን ነው» አለ። ጓደኞቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እኔም ልነሳና ልስመው ምንም አልቀረኝ። ይህ አባባል የማይነገርበት ካፌ፣ ታክሲ፣ ለቅሶ ቤት ካለ ጠቁሙኝ። ሌላው አገር በደሙ የገፋውን ነገር «ምነው ለኛም በደረሰን» ብሎ የሚቆጭ ሕዝብ የት ይገኛል? ትሕትና ማለት ይሄ ነው።

ማስረጃም አያጣም። «ጣልያን 5 ዓመት ቆይቶ ስንት መንገድ ሠራ! ጣርማበርን እዩ!» አየን፣ ሠርቷል። ያ መንገድ መጀመሪያ የተቀደደው ለጦሩ ካሚዮን ነው ብሎ መጨቃጨቅ ግን ምቀኝነት ነው። ሐውልቱም ወንድሜ ከጀርባው ስለሆነ አላየውም። ማኪያቶ እየጠጡ ዞር ማለት ደግሞ አይመችም፣ ይፈሳል።

ቁጭቱ «ትንሽ ቢቆይልን ኖሮ» የሚል ነው። እሺ፣ 5 ሳይሆን 75 ዓመት የቆዩላቸውን ዕድለኞች እንይ። ኮንጎዎችን።

እነሱማ ከእናት አገር ቤልጂየም በፊት አሳዳጊ አባት ነበራቸው። የቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ 2ኛ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1908 አገሪቱን እንዳለች የግሉ አድርጎ ያዛት። የመንግሥቱ እንኳን አይደለም፣ የራሱ፣ እንደ ጓሮ። እግሩ ግን አንድም ቀን ረግጧት አያውቅም። ከጫካ ለሚሰበሰበው ጎማ በየመንደሩ ኮታ ይጣላል፣ ኮታውን ያልሞላ ወታደር ይላክበታል፣ ወታደሩም ጥይቱን ለአደን እንዳያባክን ለተኮሳት ጥይት የተቆረጠ የሰው እጅ ያስረክባል። ጥይቱ በሞዴል 22 ወጪ፣ እጁ በሞዴል 19 ገቢ። እንዲህ ያለ የንብረት ቁጥጥር ያለው መሥሪያ ቤት እኛ ጋ አለ?

ባቡርም ተሠርቶላቸዋል፤ ከማታዲ ወደብ እስከ ሊዮፖልድቪል (የዛሬዋ ኪንሻሳ)፣ ከ1890 እስከ 1898። ሲሠራ ካለቀው ሰው በይፋ የተቆጠረው ብቻ ወደ 1,900 ይጠጋል። ከዚያ ጎማውና የዝሆን ጥርሱ ተመችቶት ተሳፈረ። ትምህርትማ አይነሳ፤ ነፃ በወጡበት ቀን 14 ሚሊዮን ገደማ ከሚሆነው ሕዝብ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የነበረው 30 ሰው አይሞላም። እናት ስለሆነች ነዋ፣ ልጆቿ ሲያነቡ ዓይናቸውን እንዳያማቸው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎላቸው ግን አመስጋኝ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1960 የቤልጂየሙ ንጉሥ ቦድዋን ሊዮፖልድቪል ድረስ ሄዶ ነፃነቱ የሊዮፖልድ ብልህነት ፍሬ መሆኑን፣ ሰውየው ሊያሠለጥን እንጂ ሊወር እንዳልመጣ አስረዳ። ደግ ንግግር ነበር። ያኔ የኮንጎ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ ይናገራል ተብሎ ፕሮግራም ላይ ሳይያዝ ተነሳ። ነፃነቱ በትግል የተገኘ እንጂ የተሰጠን አይደለም አለ። በጠዋትም በማታም የወረደባቸውን ስድብና ዱላ፣ የተነጠቁትን መሬት፣ ለነጭና ለጥቁር የተለያየውን ሕግ ዘረዘረ። መሐል ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ነገር አነሳ። ጥቁሩን «አንተ» ይሉት የነበረው እንደ ወዳጅ ቀርበውት አይደለም፣ «እርስዎ» ለነጭ ብቻ ስለተቀመጠ ነው አለ። ፈረንሳይኛም እንደ አማርኛ አንተና እርስዎ አለው። ስለ ነፃነት ከሰማሁት ክርክር ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው። ገና ጢሙ ያላበቀለ ጎረምሳ አባትህን ልጆቹ ፊት «አንተ፣ ና ወዲህ» ሲለው አስበው። አባትህ ደግሞ ባርኔጣውን አውልቆ «አቤት ጌታዬ» ሲል።

የኛ ሰውዬ ግን ይችለው ነበር መሰለኝ። አስፋልቱ እስካለ ድረስ «አንተ» ብትባል ምን ትሆናለህ?

ሉሙምባ ከዚያ ንግግር በኋላ ሰባት ወር አልሞላውም። እ.ኤ.አ. ጥር 17 ቀን 1961 በኮንጎ ካታንጋ ግዛት ውስጥ ተረሸነ። አስከሬኑን ቆራርጦ በአሲድ ያሟሟው የቤልጂየም ፖሊስ መኮንን አንዲት ጥርስ ለማስታወሻ ይዞ አገሩ ገባ። እኛ ቤት የልጅ ጥርስ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወረወራል። እናት አገር ግን አትጥልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሰኔ ወር፣ ከ61 ዓመት በኋላ፣ ብራስልስ ላይ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅታ፣ በወርቅ የተለበጠችውን ጥርስ በሳጥን አድርጋ ለልጆቹ አስረከበቻቸው።