«በርቺ» ከማለታችን በፊት

ኮሮና በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሀገር ቤትም እዚህም ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በዩኔስኮ ቁጥር መሠረት ችግሩ በበረታበት ወቅት በዓለም ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ከክፍል ውጭ ነበር። ክፍሎቹ ከተከፈቱ ቆይተዋል። ተማሪዎቹ ያንን ጊዜ በማን ትከሻ ተሻገሩት የሚለው ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

እኔ በምኖርበት ሀገር ድጋፍ በኢሜይል ይመጣል። የስልክ ቁጥር አለው፣ የቀጠሮ ሊንክ አለው። በዚያ ወቅት አባቷን ያጣች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አውቃለሁ። ቀጠሮዋ ሲደርስ አማካሪዋ ሳታቋርጣት እስከ መጨረሻው ሰማቻት። ልጅቷ ይህንን ዛሬም ታነሳዋለች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ በሯን ያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ሀገር ቤት አባቷ የሞተባት ተማሪ ጋ የዶርም ልጆች ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንዷ ያመለጣትን ኖት ገልብጣ ታመጣላታለች። ሌላዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ታመሻለች። ብቻዋን አይተዋትም። ልጅቷ ስለ አባቷ ማውራት ስትጀምር ግን «በቃ አሁን እሱን አታንሺው፣ በርቺ፣ ፈተና ደርሷል» ይሏታል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ እኔም ብሆን የምለው ይህንኑ ነበር። ልጅቷ ግን ያንን ሁሉ ሰው ይዛ የሚሰማት አጣች።

ሪቻርድ ቴደስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን ከመከራ በኋላ ስለሚመጣ እድገት ለዓመታት አጥንተዋል። መከራ በራሱ ሰውን አያሳድግም ይላሉ። የሚያሳድገው ከመከራው በኋላ ያለው ትግል ነው፤ የተናጋውን ሕይወት እንደገና አስቦ መገንባት። ለዚያ ደግሞ የደረሰበትን ደጋግሞ መናገር፣ ሳይሰለች የሚሰማ ሰው ማግኘትም ይረዳል። እድገቱ ሕመሙን አያጠፋውም፣ አብረው ይኖራሉ። ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ያለፈች ልጅ ሐዘኗን ጨርሳለች ማለት አይደለም።

ምረጥ ብባል የሀገር ቤቱን እመርጣለሁ። ማዳመጥ በስልጠና ይመጣል፤ ሳይጠሩ መምጣትን ግን የትኛውም ቢሮ ሊያስለምደው ሲችል አላየሁም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለዶርም ተጠሪዎችና ለመምህራን ይህን ስልጠና ቢሰጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለምክር አለመቸኮልን፣ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅን፣ እንቅልፍና ምግብ እምቢ ያላትን ወይም መኖር ያስጠላትን ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ ይዞ መሄድን ያስተምሯቸው።