«እርሳስ እርሳስ ነው» አለኝ

አሁን ነው እርሳስ ከሸጠልኝ ሰውዬ ጎማ ቤት የተመለስኩት። ጃኬቴን እንኳን አላወለቅኩም። ይህን ካልጻፍኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጥይት ልሠራበት ያቀለጥኩት 20 ፓውንድ እርሳስ፣ ብረቱ፣ ተበላሽቶብኛል! ድስቱ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት ማታ እንደ መስታወት ሲያበራ የነበረው አሁን የጓጎለ ገንፎ መስሏል። ሞልዱ ውስጥ፣ የጥይቱ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ፣ ስጨምረው አይሞላም። የወጡት ጥይቶች የተጨማደዱ፣ ጫፋቸው የጎደለ ናቸው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል። ዚንክ የሚባል ሌላ ብረት ገብቶበታል።

ባለፈው ሳምንት እኮ ጠይቄዋለሁ። «ጋሼ፣ ዚንክ እንዳይኖርበት፣ እባክዎ» ብዬዋለሁ። «እኔ ራሴ በእጄ ለቅሜዋለሁ፤ ጥርት ያለ የባላንስ እርሳስ ነው» አለኝ። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ላይ የሚደረገው ክብደት ማለት ነው። ከባልዲው አፍ ላይ አንድ አምስቱን አነሳሁ። በጥፍሬ ስጭራቸው ተጫሩ። በፒንሳ ስቆርጣቸው እንደ ቅቤ ተቆረጡ። ተለጣፊዎቹ ናቸው፣ ንጹሕ እርሳስ የሚባሉት። 60 ዶላር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ከሥር ያለው ሌላ ነበር። ከላይ ጥሩ ጥሩውን ቲማቲም ደርድሮ ከሥር የላሸቀውን እንደሚያስገባ ነጋዴ ማለት ነው። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት። አገር ቤት የተውነው መስሎን ነበር። ተከትሎን ቨርጂኒያ ድረስ መጥቷል።

ዛሬ ከሥራ እንደወጣሁ ሄድኩ። ከባልዲው የተረፉትን ሦስት ቁራጮች ይዣለሁ። ጀርባቸው ላይ «ዜድ ኤን» የሚል ፊደል ታትሞባቸዋል። የዚንክ ምልክት ነው። ብረት ሲሆን ደግሞ «ኤፍ ኢ» ይላል። ማንበብ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ ሌላ ሙያ አይጠይቅም። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በአክብሮት ነገርኩት። አራት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«እርሳስ እርሳስ ነው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዚንክ ነው።»

«ዚንኩም እርሳሱም ጎማ ላይ ነው የሚለጠፈው። ጎማው ምንም አላለኝም። አንተን ምን አንገበገበህ?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ዝም ብዬ ቆምኩ። ከዚያ «ለመሆኑ ለምንድነው የፈለግከው?» አለኝ። ባለፈው ሳምንት ነግሬዋለሁ። ደግሜ ነገርኩት። ወደ ሰዎቹ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«ስሙማ! ጥይት ሊሠራ ነው! የአገር ቤቱ ጦርነት አልበቃ ብሎት!»

አሁን ሁሉም ሳቀ። አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እናት ግን አልሳቀችም። ልጇን ሳብ አድርጋ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ያ ነው የገደለኝ። 60 ዶላሩን እረሳዋለሁ። ያንን አልረሳም።

ለምን እንደምሠራ ለምታውቁኝ አልደግምም። ለማታውቁኝ ግን አንዴ ልናገር። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እያየሁት ነው ያደግኩት። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 የፈረንሳዮቹ ጠመንጃ ነው። «ፉዚ ግራ» የሚሉትን አባቶቻችን ውጅግራ አሉት፤ ከዓድዋ በፊትም በእጃቸው ነበር። እዚህ አገር አንዱን አሮጌ አግኝቼ ገዛሁ። ጥይቱ ሱቅ ውስጥ የለም። 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ 25 ግራም እርሳስ ይፈልጋል፣ በጥቁር ባሩድ ይተኮሳል። እንግዲህ የሚፈልግ ሰው ራሱ ያቅልጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ እሄዳለሁ፣ ወረቀት ላይ እተኩሳለሁ፣ አያቴን አስባለሁ፣ እመለሳለሁ። ይሄ ነው ወንጀሌ።

ያ ጠመንጃ ደግሞ ለስላሳ እርሳስ ነው የሚወደው። ባሩዱ ከኋላ ሲገፋው ለስላሳው ሰፋ ብሎ በአፈሙዙ ውስጥ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ይይዛል። ጠንካራው አይሰፋም። ስለዚህ በእጄ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ። ቀልድ አይደለም። የባላንስ እርሳስ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ተለጣፊው ንጹሕ ሊባል ይችላል። መንጠቆ ያለው ግን ከመቶ 3 ገደማ አንቲሞኒ የሚባል ማጠንከሪያ አለበት፤ ከተለጣፊው እጥፍ ያህል ይጠነክራል። ዚንኩ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ዚንክ እስከ 419 ይቆያል። እሳቱን ዝቅ ካደረግክ ዚንኩ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ በማንኪያ ታወጣዋለህ። ትንሽ ካለፈ ግን ይሟሟል፤ ከዚያ በኋላ መለየት የለም። እኔ ተለቅሟል ስለተባልኩ እሳቱን ለቀቅኩት። አንድ በአንድ መቁረጥ ነበረብኝ፣ ገብቶኛል። ግን ሰው ሽበቱን ይዞ «በእጄ ለቅሜዋለሁ» ሲልህ ታምናለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ?

በነገራችን ላይ እርሳስን በምን እንደምንፈትሽ ታውቃላችሁ? በእርሳስ! በምንጽፍበት እርሳስ። ሥዕል የሚስሉ ሰዎች የሚገዙት፣ ከለስላሳው «6ቢ» ጀምሮ እስከ ጠንካሮቹ «ኤች»ዎች የተደረደረው። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ጠፍጣፋ ታደርገዋለህ። ያዝ አድርገህ ብረቱ ላይ ትገፋዋለህ። መጀመሪያ የሚቧጥጠው የትኛው እንደሆነ ታያለህ። ንጹሑን እርሳስ ለስላሶቹ ይቧጥጡታል። ጠንካራው ላይ እነሱ ይንሸራተታሉ። ለዚህች ነገር ሌላው ሰው ሁለት ቃል ይዟል፤ እኛ በአንድ ቃል ጨርሰነዋል። ደስ የሚለኝ ነገር ነው። ጆሮም ይረዳል። ለስላሳው ሲወድቅ ዱብ ይላል፤ ዚንክ ቅጭል ይላል። ምናለሽ ተራ አጎቴ ጋ ስውል የማያቸው ሰዎች ብረቱን አንኳኩተው ነበር የሚነግሩህ። ማንም ማሽን አልሰጣቸውም። ተሳስተው ከሸጡልህ ደግሞ ያፍራሉ።

ማሽን ስል ትዝ አለኝ። አምና የቁርጥራጭ ብረት መግዣ ግቢ ሄጄ ነበር። ሽጉጥ የመሰለች መሣሪያ አለቻቸው። ብረቱ ላይ ደገን ሲያደርጓት በሰከንዶች ውስጥ ምን ያህል እርሳስ፣ ምን ያህል ቆርቆሮ (ቲን)፣ ምን ያህል አንቲሞኒ እንዳለበት ታነባለች። አንድ ቁራጭ ብቻ እዩልኝ፣ እከፍላለሁ አልኩ። «ለድርጅት ብቻ ነው» አለኝ ልጁ፣ መሣሪያዋን በእጁ እያሽከረከረ። ሥራ አልነበረውም። ቆሞ ስልኩን ነበር የሚያየው።

የዚያን ቀን የያዝኩትም ቁራጭ «ንጹሕ» ተብሎ የተሸጠልኝ ነበር። ቤት ወስጄ በእርሳሶቼ ሞከርኩት። የማተሚያ ቤት እርሳስ ሆነ። ፊደል ይቀረጽበት የነበረው፦ 84 እጅ እርሳስ፣ 12 አንቲሞኒ፣ 4 ቆርቆሮ። ድሮ ጋዜጣው በእርሳስ ፊደል ሲታተም ሥራ ላይ የዋለ ዓይነት። ግሩም ነገር ነው፣ ለሌላ ሰው ወርቅ ነው፤ ለኔ ውጅግራ ግን ድንጋይ። ያኛው ሻጭም «ምን ለውጥ አለው?» ነው ያለኝ።

ለውጥ አለው! እንዴት ለውጥ የለውም ትላላችሁ? ማርና ስኳር አንድ ነው?

የጎማ ቤቱን ሰውዬ አልጨረስኩትም። ገንዘቤን ስጠይቀው «የተሸጠ አይመለስም» አለ። ከዚያ፣ እንደ ደግ ሰው፣ «ካነሰህ ከጓሮ አሮጌ ባትሪ ሞልቷል፤ ሰብረህ አቅልጠው» አለኝ። ባትሪ! የዛሬው የመኪና ባትሪ እርሳስ ውስጥ ካልሲየም አለ። ከሌላው ቅልጥ ጋር ተደባልቆ ዝቃጩ እርጥበት ሲያገኝ ሰው የሚገድል ጋዝ ይወጣዋል። አሲዱን ተዉት። እኔ ከቤት ውጭ ነው የማቀልጠው፣ ልጆቼ በሌሉበት፣ ልብሴን ለይቼ አጥባለሁ። እሱ ግን ለሚመጣው ሰው ሁሉ እንደዚህ ይመክራል። አንዱ ሰምቶት ጓሮው ውስጥ ቢሞክረውስ? ይህን ልነግረው ስጀምር «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ።

ባለቤቴ «ተወው፣ ሌላ ግዛ» ትላለች። እውነቷን ነው። ደክሞኛልም። ግን ከማን ልግዛ? የእርሳሱ ባላንስ ራሱ እየጠፋ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ከ2010 ጀምሮ ከልክላለች፤ አውሮፓ ከዚያ በፊት በ2005 ከልክሏል። በየባልዲው ዚንክና ብረቱ በዝቶ እርሳሱ እያነሰ ነው። ደግ አደረጉ፣ መንገድ ላይ እየተፈጨ ከሚበተን ይሻላል። እኔ የምለው የሚሸጥልኝ ሰው የሸጠልኝን ይወቅ ነው።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ አልሄድም። የምተኩሰው የለኝም። ድስቱን ነገ አጸዳለሁ፤ 20ውን ፓውንድ ምን እንደማደርገው እግዜር ያውቃል።

የቧንቧ ወይም የጣሪያ ሥራ የምትሠሩ፣ አሮጌ የእርሳስ ቧንቧ ወይም ከኤክስሬይ ክፍል የተነሳ የእርሳስ ልባጥ ያላችሁ፣ በውስጥ ጻፉልኝ። በደንብ እከፍላለሁ። ግን እርሳሶቼን ይዤ ነው የምመጣው፤ እያንዳንዱን ሳልቧጥጥ ገንዘብ አላወጣም። እንዳትቀየሙኝ።