የመበለቲቱ ሁለት ሳንቲም እና የጎረቤቴ እቁብ

ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ባለፈው ዓመት የ40 ሺህ ብር እቁብ ወጣላት። ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዛ፣ ጤፍም በኩንታል ልታስገባ አስባ ነበር። በዚያው ሳምንት በምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ ነበረ። «ያላችሁን ዝሩ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳላችሁ» ተባለ። ግማሹን ብር በፖስታ አድርጋ ሰጠች። ምጣዱ ቀረ። እቁቡ ግን አልቀረም። ቀድሞ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ይጥላል።

እኔም ጴንጤ ነኝ፤ አስራት አወጣለሁ። መስጠት ክፉ ነው ልል አይደለም። ከድሃ መቀነት የተፈታው ብር ወዴት ይሄዳል ነው ጥያቄዬ።

ያን ቀን የተነበበው ሉቃስ 21 ነበር። ድሃዋ መበለት ሁለት ሳንቲም ነበራት፤ ሁለቱንም ሰጠች። ኢየሱስ ከሁሉም አብልጣ ሰጠች አለ። ልክ ነው፣ ብሏል። ግን አንድ ቁጥር ወደ ኋላ እንመለስ። ምዕራፍ 20 የሚያልቀው ጸሎት እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጻፎች በመውቀስ ነው። ወዲያው መበለቲቱ ትመጣለች። ሁለቱን የለየው የምዕራፍ ቁጥር በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገባ እንጂ ሉቃስ የጻፈው አይደለም። ማርቆስ 12 ላይ ደግሞ ተከታትለው ታገኟቸዋላችሁ። ቀጥሎ የመቅደሱ ማማር ሲደነቅ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይቀርም ይላል። እኔ ሳነበው ኢየሱስ ሴትዮዋን እያከበረ፣ ያላትን ሁሉ የወሰደባትን አሠራር እየወቀሰ ነው። በዚህ የማይስማማ ይኖራል። ግን ለደቀ መዛሙርቱ «እናንተም ሂዱና የመበለት ሳንቲም ሰብስቡ» አላለም።

«በጥቂት የሚዘራ በጥቂት ያጭዳል» የሚለውስ? 2ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ያለ ነው። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ ብር የሚያሰባስበው ለኢየሩሳሌም ድሆች ነበር። ለራሱ አልነበረም። እንዲያውም ማንም እንዳያማው ብሎ ገንዘቡን አብረውት የሚያደርሱ ሰዎች እንዲኖሩ አድርጓል። ምዕራፍ 8ን እዩት። ባሁኑ ቋንቋ ኦዲት እንበለው።

ለፍትህ ያህል፣ እነዚህ «ዝሩ፣ ታጭዳላችሁ» የሚሉ ሰባኪዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል። ሰው የቤት ኪራይ ያስጨንቀዋል፤ ልጁ ተመርቆ ሥራ አላገኘም። ስለ ሰማይ ብቻ ሲሰበክለት ይርበዋል። ይህን ጉዲና ቱምሳም ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 እሳቸው ዋና ጸሐፊ የነበሩባት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለውጭ አጋሮቿ ጽፋ፣ ወንጌልንና ልማትን አትነጣጥሉ፣ ሰው ሥጋም ነፍስም ነው ብላ ሞግታለች። ስለ ሥጋ ማሰብ ከሆነ ከዚህ በላይ ምን አለ? በዚያ መንገድ ግን ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ድሃው ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ሌላ ነው። ጎረቤቴ ወራት ጠብቃ «መቶ እጥፉ የታለ?» ብላ ጠየቀች። «እምነትሽን ፈትሺ» አሏት። ብሩም ሄደ፣ ጥፋተኛዋም እሷ ሆነች! በሀብታሙ ደጅ ተኝቶ ውሾች ቁስሉን ይልሱት የነበረውን አልዓዛርን ማን «እምነትህ ቢሞላ ኖሮ» አለው? የተጠየቀው ሀብታሙ ነው። አማርኛችንም ለማኙን «የኔ ቢጤ» ይለዋል። እንደኔው ያለ ሰው ማለት ነው። ደጃፍ ላይ «ስለ ማርያም» ሲባል ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ድሃውን እምነቱ የጎደለ ብሎ የሚያይ ሰው «የኔ ቢጤ» የሚለው ቃል ከየት ይመጣለታል?

ጎረቤቴ አሁንም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። መዘምራኑን ትወዳቸዋለች፤ ወዳጆቿም እዚያ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ የሳምንቱ እቁብ ጎድሏት ከእኔ ተበደረች። ብሩን ቆጥራ መቀነቷ ውስጥ ከተተችና «አደራ፣ ይሄንንም ዘር ነው እንዳትለኝ» ብላ ሳቀች።