ከዋናው በፊት፣ ከዋናው በኋላ

ሕፃን ይዞ ዋና መሄድ ማለት ልብስ ማውለቅና ልብስ መልበስ ማለት ነው። መሐሉ ላይ ትንሽ ውሃ አለበት። እዚህ ስቶክሆልም የሚለጠፉት ማስታወቂያዎች ይህን አይናገሩም። ማስታወቂያው ላይ ያለው አባት ሁልጊዜ ገንዳ ውስጥ ነው። ይስቃል፤ ልጁም ይስቃል። ያ ሰውዬ ገንዳው ውስጥ እንዴት እንደደረሰ፣ ከዚያስ እንዴት አድርጎ ቤቱ እንደሚገባ የሚያሳይ ፎቶ አይቼ አላውቅም።

አበሻ ወንድ በሥራ ቀን ሕፃን ታቅፎ ገንዳ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ነገሩ የመንግሥት ሥራ ነው። ስዊድን አንድ ልጅ ሲወለድ ለወላጆቹ 480 ቀን ፈቃድ ትሰጣለች። ከዚህ ውስጥ 90 ቀኑ ለእናት ብቻ፣ 90 ቀኑ ለአባት ብቻ ነው። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል። አበሻ ደግሞ ነፃ ነገር ሲቃጠል ማየት አይችልም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ለሁለቱም ወላጆች የሚሆነው ፈቃድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ያኔ ወንዶቹ እግራቸውን ሲጎትቱ፣ መንግሥት ደረቱ የሰፋ ክብደት አንሺ ሕፃን አቅፎ የተነሳው ፖስተር አሠርቶ ለጠፈላቸው። ልጅ ማቀፍ ወንድነትን አይቀንስም ለማለት ነው ይላሉ። እኔ አሁን ሳስበው ግን ሰውዬው የተመረጠው የሕፃኑን ቦርሳ እንዲሸከም ይመስለኛል።

ዛሬ ከተማው ውስጥ በአንድ እጁ ጋሪ እየገፋ፣ በሌላው ቡና ይዞ የሚንሸራሸር አባት ሞልቷል። «ላቴ ፓፓ» ይሏቸዋል። ጋሪ በአንድ እጅ፣ ቡና በአንድ እጅ። እስከዚህ ድረስ ሁለት እጅ ይበቃል። ዋና ጋ ሲደርስ ነው ሂሳቡ የሚፋለሰው።

ወደ ዋና የገፋኝ ሌላም ነገር አለ። እዚህ አገር ተማሪ 6ኛ ክፍልን ሲጨርስ 200 ሜትር መዋኘት ይጠበቅበታል፤ ከዚያ ውስጥ 50ው በጀርባ ነው። እኔ በጀርባዬ የማውቀው መተኛት ብቻ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ በረሳ ወንዝ ዳር ነው። ዳር ነው ያልኩት። ስለዚህ ልጄ አባቷን ከምትመስል ቶሎ ትጀምር ብዬ አስመዘገብኳት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ከ1 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ የዋና ትምህርት ከመስጠም እንደሚያድን ማስረጃ የለም ማለቱን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

እናቴ ስትሰማ በቪዲዮ ደወለች።

«አንተ፣ ምን ነካህ? ጨቅላ ልጅ በዚህ ብርድ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ?»

«እማዬ፣ ውሃው እኮ ይሞቃል። 33 ዲግሪ ነው።»

«ዲግሪህን ለራስህ ያዘው! እርግብግቢቷን ቅቤ ቀብተህ ሸፍናት።»

«በ80 ቀኗ ቄሱ ሦስት ጊዜ ሲነክሯት በስልክ እልል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እሱ ጠበል ነው። ይሄ ውሃ ነው! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።»

የደብረ ብርሃን ሰው ስለ ብርድ ሲናገር ይደመጣል። እኔም አዳመጥኩ። ከዚያ ቦርሳዬን አንስቼ ሄድኩ።

ቦርሳው ውስጥ የኔ ፎጣ፣ የሚጣ ፎጣ፣ የሚጣ ሁለተኛ ፎጣ (አንደኛው መሬት ስለሚወድቅ)፣ ጡጦ፣ ቅያሪ ልብስ፣ የቅያሪው ቅያሪ፣ ተራ ዳይፐር፣ የዋና ዳይፐርና ጓጉንቸር ቁልፍ አለ። ጓጉንቸሩ ለሎከሩ ነው። ጥሬ ገንዘብ የረሳ፣ ሁሉን ነገር በስልክ የሚከፍል አገር፣ ልብስህን ለመቆለፍ ግን የአያትህን ጎተራ የሚመስል ቁልፍ ከቤትህ ይዘህ ና ይልሃል።

ስለ ዋና ዳይፐር አንድ ነገር ልንገራችሁና እንለፍ። ሽንት አይዝም። ለሌላው ነገር ነው የተሠራው፤ ሽንቱ ቀጥታ ወደ ገንዳው ይሄዳል። ገንዳ አካባቢ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ሽታ ብዙ ሰው የክሎሪን ነው ይላል። የንጽሕና ሽታ ነው ብሎ ደስ የሚለውም አለ። ሽታው ግን ክሎሪን ከሽንትና ከላብ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎራሚን የሚባለው ነገር ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ገንዳ ውስጥ አፌን ከፍቼ አልስቅም። ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰውዬ አላወቀም ማለት ነው።

ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ይሄ አያስቸግርም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። ቀጥሎ የሚመጣው ነው የከበደኝ። ገንዳ ከመግባት በፊት ያለ ዋና ልብስ፣ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የመታጠቢያ ክፍሉ ደግሞ የጋራ ነው።

የስዊድን ሰው እንቆቅልሽ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ከጎንህ ላለመቀመጥ አንድ ሰዓት ቆሞ ይሄዳል። ሊፍት ውስጥ ካንተ ጋር ላለመግባት በሩ ጀርባ ቆሞ ኮቴህን ያዳምጣል። እዚህ ሲደርስ ግን ልብሱን ሙልጭ አድርጎ ያወልቅና፣ ወገቡን በእጁ ይዞ፣ ስለ በጋ ቤቱ ጣሪያ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። እኔ ሃፍረተ ሥጋ በሚለው ቃል ተቀጥቼ ያደግሁ ሰው ነኝ። ወንድሜ እንኳን ከአምስት ዓመቴ ወዲህ አይቶኝ አያውቅም። ፎጣዬን አገልድሜ፣ ከፎጣው ሥር እየተቁነጠነጥኩ ሳወልቅ የሚያዩኝ ሰዎች ምን ደብቆ ይሆን ሳይሉ አይቀሩም።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ሕፃን ይዞ ነው። ሚጣ መዳህ ጀምራለች። ልብስ መቀየሪያ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ አንድ እጄን ሆዷ ላይ ካላደረግሁ ትንከባለላለች። የቀረችኝ አንድ እጅ ናት። በአንድ እጅ ሱሪ ማውለቅ ይቻላል፤ ይዘገያል እንጂ። በአንድ እጅ ካልሲ ማውለቅም ይቻላል። ግን በአንድ እጅ ፎጣ አገልድሞ፣ ከሥሩ ፓንት አውልቆ፣ ጓጉንቸር ቆልፎ፣ ቁልፉን ቁርጭምጭሚት ላይ ማሰር፣ እሱ ሌላ ትምህርት ቤት ይፈልጋል።

ውሃው ራሱ ደህና ነው። አባቶችና እናቶች ክብ ሠርተን በስዊድንኛ መዝሙር እንዘምራለን። ግጥሙን ስለማላውቀው፣ ቅዳሴ ላይ ግዕዙ ሲጠፋኝ እንደማደርገው አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። አሠልጣኟ ሕፃናት ውሃ ፊታቸውን ሲነካው ትንፋሻቸውን የሚይዝ የተፈጥሮ ነገር እንዳላቸውና ስድስት ወር ገደማ ሲሞላቸው እየጠፋ እንደሚሄድ ነገረችን። ሚጣ እድሜዋ አልፏል መሰለኝ ደህና አድርጋ ጠጣች። ከዚያ አልቋል፣ ውጡ ተባልን።

መውጣቱ ነው እንግዲህ። ሕፃን ቶሎ ይበርደዋል። ሰውነቱ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፤ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦም ራሱን አያሞቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ልጅቷን አልብስ ይላሉ። እሺ። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ገና 9 ሰዓት ሳይሆን ውጭው ጨልሟል፣ በረዶ ነው። ልጅቷ ሹራብ፣ ባለ ጥጥ ቱታ፣ ኮፍያና ጓንት ትለብሳለች። ክፍሉ ግን ሳውናው አጠገብ ነው፤ ይፋጃል። እሷን አልብሼ እኔ እስክለብስ እንደ ቲማቲም ትቀላና ጩኸቷን ትለቀዋለች። መጀመሪያ እኔ ልልበስ ብል ደግሞ እሷ እርጥብ ሆና ትጠብቃለች፤ እኔም ኮት ደርቤ ስሠራ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ተራ በተራ፣ እሷን ሹራብ፣ እኔን ሱሪ፣ እሷን ካልሲ እያልን እናርገው ብዬም አስቤ ነበር። እሷ አልተስማማችም።

ዙሪያዬን ስምንት ወንድ አለ። ብጠይቅ ማናቸውም በደስታ ይይዙልኛል፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሳይጠየቁ ግን አንድ ጣት አያነሱም። ሳይጠየቁ የሰው ልጅ መንካት እዚህ ነውር ነው። እኔ ደግሞ ሳልለብስ ያልለበሰ ሰው ትከሻ መታ አድርጌ «ይቅርታ፣ አንዴ ትይዝልኛለህ?» ማለት አልቻልኩም። አገር ቤት ቢሆን ኖሮ ጥያቄም የለም። ልጅቷ ገና እህ ስትል ሦስት ሴትዮ ይነጥቁሃል። መመለሷን ነው የምትለማመጠው።

እንዲህ ሆኜ ቆሜ ሳለሁ የሳውናው በር ተከፈተ። መጀመሪያ ሙቀቱ ወጣ። ቀጥሎ ጋሼ ወጡ።

ስማቸውን አልጠራም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማይክ ይዘው ስለ ሕንፃው መዋጮ የሚያሳስቡን ትልቅ ሰው ናቸው። ያለ ኩታ አይቻቸው አላውቅም። አሁን ኩታ የለም። ከማተባቸው በቀር ምንም የለም።

ስዊድናዊ ቢሆኑ ኖሮ አልተያየንም ብለን እንተላለፍ ነበር። አበሻ ግን ትልቅ ሰው አይቶ ዝም አይልም። ጎንበስ ማለት አለ። ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ መዘርጋት አለ። በቀኝ እጄ ሚጣን ይዣለሁ። በግራዬ ፎጣ ይዣለሁ፤ ፎጣው ራሱ ሥራ ላይ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ፣ በአንገቴ ብቻ ሰገድ ብዬ።

«አብሮ ይስጥልን። እንዴት ነህ ልጄ? ባለቤትህ ደህና ናት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? እትዬ ደህና ናቸው?»

«ይመስገነው። እናትህስ? የወንድምህ ጉዳይ ምን ደረሰ?»

አንዱንም አልዘለልንም። ሁለታችንም ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል እያየን ነው የምናወራው። አምፖሉ ረዥም ሆኖ ጥግ ላይ ትንሽ ጠቁሯል። ሚጣ መሐላችን ሆና ትጮኻለች።

«ስጠኝ እስቲ» አሉ።

ሰጠሁ። ደረታቸው ላይ ለጠፏት። ወዲያው ማተባቸውን ጨብጣ አፏ ውስጥ ከተተችውና ዝም አለች። እሳቸውም ወዲያ ወዲህ እያሉ እሹሩሩ ጀመሩ፣ ድምፃቸው ደግሞ ማይክ የለመደ ነው። ስለ በጋ ቤት ያወሩ የነበሩት ሰዎች አቆሙ። ሰው ቀና ብለው የማያዩት ስዊድናውያን እንኳን አዩ።

ሁለት እጅ ሲመለስልህ ልብስ መልበስ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ! ወታደር ቤት ፊሽካ የተነፋ ይመስል ለበስኩ። የአበሻ እጅ ግን ከነምክሩ ነው የሚመጣው። ሱሪ ሳጠልቅ «ጆሮዋን ሸፍንላት፣ ብርድ ይገባታል» አሉ። ሸሚዝ ስቆልፍ «ለመሆኑ አጥሚት ታጠጧታላችሁ? ቀጭን ናት» አሉ። ጫማ ሳስር የመዋጮው ነገር ተነሣ። እንዲያ ቆመው ልጄን ይዘውልኝ እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። እዚያው ስልኬን አውጥቼ ላክሁ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተገናኘን። ጋሼ ኩታቸውን አጣፍተዋል፤ እትዬ አጠገባቸው ናቸው። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ሁለታችንም ወደ ጣሪያው አየን። ሚጣ ግን ገና ስታያቸው ተዘረጋች፣ እቅፋቸው ገባች፣ በቀጥታ እጇን በኮሌታቸው አስገብታ ማተቡን ጎትታ አወጣችው።

«እንዴ!» አሉ እትዬ። «ይቺ ልጅ ታውቅሃለች እንዴ? የት ነው የተገናኛችሁት?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስብሰባ ላይ።»

«የምን ስብሰባ?»

«የአባቶች።»