የሁለት ውኃ ዳር ትዝብት

ባለፈው ሰኔ እናቴ ከባሕር ዳር መጥታ በቆየችባቸው ሳምንታት፣ በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ሰባስቲያን ከተባለችው ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለው ውኃ ዳር በየማለዳው አብረን እንወርድ ነበር። ቡናማው ፔሊካን ክንፉን ሰብስቦ ከሰማይ እንደ ድንጋይ ውኃው ላይ ሲወረወርና ዓሣውን ይዞ ሲነሣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባየች ጊዜ ደነገጠች። ጣና ዳር በማደጓ የምታውቀው ነጩን ፔሊካን ነው፤ እርሱም ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ፣ ዓሣውን ከቦ ወደ ዳር እየነዳ በኅብረት ይመገባል እንጂ እንዲህ ከላይ አይወረወርም። «እዚህ አገር ወፉም ለብቻው ነው እንዴ የሚበላው?» ስትል የጠየቀችኝ ከልቧ አዝና ነበር። እኔም ለብዙ ዓመታት የዚህ አገር ሰው ሁሉ ለየራሱ የሚኖር ይመስለኝ ስለነበር ጥያቄዋ አልገረመኝም። ይህን ግምቴን ያስለወጠኝ ግን ይኸው ውኃ ዳር ነው።

ከመመልከቻው ሰገነት ማዶ የምትታየው ትንሽ ደሴት ፔሊካን አይላንድ ትባላለች። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ የሚሆን ላባ የሚፈልጉ አዳኞች የፍሎሪዳን ወፎች ሲፈጁ፣ ጀርመን አገር ተወልዶ እዚህ የሰፈረው ጀልባ ሠሪ ፖል ክሮገል ደሴቲቱን ከቤቱ ሆኖ ያያት ነበርና፣ ማንም ሳያዘው ጠመንጃውን ይዞ በጀልባው እየሄደ ወፎቹን መጠበቅ ጀመረ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1903 ደሴቲቱን በፌዴራል መንግሥቱ የተከለለች የወፎች መጠለያ ባደረጓት ጊዜ ክሮገል ጠባቂዋ ሆኖ ተሾመ፤ ኮንግረሱ ገንዘብ ስላልመደበ ደመወዙን የሚከፍለው የወፍ ወዳጆች ማኅበር ሲሆን፣ እርሱም በወር 1 ዶላር ብቻ ነበር። ዛሬ ወደ ሰገነቱ በሚያደርሰው የእንጨት መተላለፊያ ጣውላዎች ላይ ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ የተከለሉት መጠለያዎች ስምና ዓመት ተቀርጿል፤ ቁጥራቸው ከ500 በላይ ነው። ስደተኛ ሰው ለማያውቀው ምድር ወፍ እንዲህ መቆሙ፣ እኔንም ስደተኛውን ስለምረግጠው አሸዋ ያሳስበኛል።

በዚያ መተላለፊያ ላይ ስሄድ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሻላ ሐይቅ ነው። በሻላ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካኖች በብዛት ይፈለፍሉ ነበር፤ ምግባቸውን የሚያገኙት ግን ከጎረቤቱ ከአቢያታ ሐይቅ ነበር። ወደ አቢያታ የሚገባው ውኃ ለመስኖ ሲጠለፍና ከራሱ ከሐይቁም ሶዳ አሽ ለሚባለው የኢንዱስትሪ ጨው ምርት ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ዓሣውም አለቀ፤ ወፎቹም ሌላ ውኃ ፍለጋ ሄዱ። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ መከለሉ አላዳናቸውም።

ለእናቴ ከሁሉም በላይ የገባት የባሕር ኤሊዎቹ ነገር ነው። ከሜልበርን ቢች እስከ ዋባሶ ያለው ወደ 33 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዳርቻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው አርቺ ካር የተባለው የባሕር ኤሊዎች መጠለያ ይገኛል፤ ሎገርሄድ የሚባሉት ኤሊዎች በሌሊት እየወጡ አሸዋውን ቆፍረው እያንዳንዳቸው 100 ያህል እንቁላል ይጥሉበታል። ጫጩቶቹ ወደ ውኃው የሚሄዱት ብርሃን ያለበትን አቅጣጫ ተከትለው ስለሆነ የቤት መብራት ያሳስታቸዋል። ስለዚህ በመራቢያቸው ወራት ዳር ያለው ነዋሪ ሁሉ ወደ ባሕሩ የሚያበራውን መብራት ያጠፋል፤ ኤሊዎቹን እንዳያሰናክል ልጆች የቆፈሩትን ጉድጓድ ይደፍናሉ፣ የሠሩትን የአሸዋ ቤት አፍርሰው ይሄዳሉ፤ ጡረታ የወጡ አዛውንቶች በማለዳ ተነሥተው ከሌሊቱ የወጡትን ዱካዎች ይቆጥራሉ። አንድ ምሽት ፈቃድ ካላቸው አስጎብኚዎች ጋር በጨለማ ሄደን አንዲት ኤሊ እንቁላሏን ስትጥል አየን። ሃያ የምንሆን፣ እርስ በርስ የማንተዋወቅ ሰዎች ትንፋሻችንን ውጠን ቆመን ነበር። ስንመለስ እናቴ «ይኼማ እንደ ደብር ደን ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ዙሪያው ሁሉ ማሳ ሆኖ ሳለ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ወይራው፣ ጥዱና ዋንዛው ቆመው የምናገኘው፣ ከዚያ ቅርንጫፍ መስበር ነውርም ኃጢአትም መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ስለሚያውቅ ነው። የሚቆጨኝ ይህ ጥንቃቄ ከቅጽሩ አልፎ ወደ ሐይቁ አለመውረዱ ነው። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ከባሕሩ ሙላት አማካይ መስመር በታች ያለውን ዳርቻ ለሕዝብ በአደራ የተያዘ ይለዋል፤ በቢሾፍቱና በላንጋኖ ግን የውኃው ዳር ብዙው በሪዞርት አጥር ውስጥ ስለሆነ ልጆቹን ይዞ እሑድን በውኃ ዳር ማሳለፍ የሚፈልግ አባወራ አስቀድሞ ኪሱን መዳሰስ አለበት። ሰው ገብቶ ላልተጫወተበት ውኃ እንዲቆረቆር መጠበቅ ይከብዳል።

ይህ ማለት እዚህ ጥፋት የለም ማለት አይደለም። ከሰው መኖሪያና ከማሳ የሚወርደው ቆሻሻና ማዳበሪያ ኢንዲያን ሪቨር በተባለው ከባሕር ጋር በተገናኘ ሐይቅ አልጌ አባዝቶ የባሕሩን ሣር ስላጠፋው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በፍሎሪዳ ማናቲ የሚባሉ፣ ይህን ሣር የሚመገቡ ትልልቅ የውኃ እንስሳት ከ1,100 በላይ ሞቱ፤ ብዙዎቹ በረኃብ ነበር። በተከታዩ የብርድ ወራት ሠራተኞች ሰላጣ ወደ ውኃው እየጣሉ መገቧቸው። ይህን ስነግራት እናቴ አልቅሳለች።

ከመሄዷ በፊት በነበረው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያችን ቤተሰቦች ምግባቸውን ይዘው ዳርቻው ላይ ተሰብስበው ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ሲያበቃ እናቴ ልጆቹን ጠርታ በአሸዋው ላይ የቀረውን ጉድጓድ ሁሉ አስደፈነቻቸው፤ አጠገባችን የነበሩ የማናውቃቸው አሜሪካዊ ባልና ሚስትም መጥተው ከልጆቹ ጋር ይደፍኑ ጀመር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከባሕር ዳር ደወለች። ጤንነታችንን ከጠየቀች በኋላ «ያቺ የጣለችው እንቁላል እንዴት ሆነ?» አለች። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወረድኩ። የዚያችው ኤሊ ጎጆ ይሁን የሌላ መለየት ባልችልም፣ አንድ ቦታ አሸዋው ሰርጉዶ፣ ከዚያም የትንንሽ እግሮች ዱካ ተዘርግቶ አገኘሁ። ሁሉም ወደ ውኃው ያመራ ነበር፤ ወደ ቤቶቹ የዞረ አንድም አላየሁም።