ስል ድምፅ ላለው ጊታር፣ ብሪጁ ላይ የትኛው ሃምባከር? (ክርክር)

የመከራከሪያው ሐሳብ፦ «ድምፁ ስል የሆነን ኤሌክትሪክ ጊታር ለማሞቅ ብሪጁ ላይ ብዙ ዙር የተጠመጠመ ሃምባከር መግጠም ይሻላል።» ፒክአፕ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይር ነው፤ ሃምባከር ሁለት ጥቅል ያለው ፒክአፕ ነው። ብሪጅ ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል ነው። ጊታሩ የተለመደ ዓይነት ነው እንበል። የክሩ ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ በብሎን የታሰረ፣ ብሪጁ ላይ ሬዚስታንሱ 8 ኪሎ ኦም ገደማ የሆነ ሃምባከር፣ አንድ የቮልዩምና አንድ የቶን ማዞሪያ (ፖት)፣ ሁለቱም 500 ኪሎ ኦም። የአንገቱ ፒክአፕ ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ስዊቹ ወደ ብሪጁ ሲዞር ግን ጆሮ ይወጋል።

ደጋፊ፦

ችግሩ ከቦታው ይጀምራል። ብሪጁ አጠገብ ክሩ የሚወዛወዘው በጥቂቱ ነው። መሠረታዊው ድምፅ እዚያ ደካማ ነው፤ ከእሱ በላይ ያሉት ሃርሞኒኮች ግን ጎልተው ይወጣሉ። ስለዚህ የብሪጁ ፒክአፕ ከአንገቱ ጋር እኩል ዙር ከተጠመጠመ ምንጊዜም ሳስቶ ይሰማል። ይህን የሚያካክሰው ዙር መጨመር ነው።

ዙር ሲጨምር ሁለት ነገር አብሮ ይመጣል። ቮልቴጁ ያድጋል፣ ኢንዳክታንሱም (ጥቅሉ የኤሌክትሪክ ለውጥን የሚቋቋምበት መጠን፣ በሄንሪ የሚለካ) ያድጋል። እያንዳንዱ ፒክአፕ ከኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም) ጋር ሆኖ አንድ ጎልቶ የሚወጣበት ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ጫፍ፣ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ድምፁ በፍጥነት ይወድቃል። ኢንዳክታንሱ 4.5 ሄንሪ የሆነ የድሮ ዓይነት ሃምባከር እንውሰድ። የፒክአፑና የኬብሉ ካፓሲታንስ ተደምሮ 600 ፒኮፋራድ ከሆነ ጫፉ 3,060 ሄርዝ አካባቢ ይቆማል። 8 ሄንሪ የሆነውን ስንገጥም ወደ 2,300 ሄርዝ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ስል ጩኸት አምፑ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ዙር ይብዛ ስል ግን ገበያ ላይ ያለው ኃይለኛ ሁሉ ይገጠም ማለቴ አይደለም። የማግኔቱ ምርጫ የዙሩን ያህል ይወስናል። የፒክአፕ አምራቹ ሲሞር ደንከን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆን ቤተሰብ አለው። «ከስተም» በሴራሚክ ማግኔት፣ «ከስተም 5» በአልኒኮ 5 (አልኒኮ የብረት ቅይጥ ማግኔት ነው)፣ «ከስተም ከስተም» በአልኒኮ 2 የተሠሩ ናቸው፤ ጥምጥማቸው አንድ ዓይነት፣ ሬዚስታንሳቸውም 14 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። ሴራሚኩ ጠርዙ የተሳለ ነው፣ አልኒኮ 5 ቤዙንም ላይኛውንም ያጎላል፣ አልኒኮ 2 ግን የምቱን መነሻ ያለዝባል፣ መካከለኛውን ድምፅ ወደ ፊት ያመጣል። ለዚህ ጊታር ምርጫዬ የመጨረሻው ነው።

ተቃዋሚ፦

ስሌቱ ትክክል ነው፤ የተሳሳተው መደምደሚያው ነው። የሰው ጆሮ በጣም ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ክልል ነው። ጫፉን ከ3,060 ወደ 2,300 ያወረደ ሰው ከዚያ ክልል አልወጣም። ስሉ ድምፅ በአፍንጫ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ ይተካል። በተለይ ዲስቶርሽን ሲጨመርበት ያ መካከለኛው ጉብታ ከቀድሞው የባሰ ያሰለቻል። ብዙ ሰው ኃይለኛ ፒክአፕ ገጥሞ «አሁንም ይወጋል» የሚለው ለዚህ ነው።

ደግሞም ያንን የ2,300 ሄርዝ ጫፍ ለማግኘት ፒክአፕ መግዛት አያስፈልግም። ያለውን የ4.5 ሄንሪ ፒክአፕ ሳይነኩ ከሲግናሉ ወደ ግራውንድ አንድ የ470 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ። ጠቅላላው 1,070 ፒኮፋራድ ይሆናል፣ ጫፉም 2,300 ሄርዝ ላይ ያርፋል። ካልተወደደ በአንድ ደቂቃ ይነቀላል።

በኪሎ ኦም መምረጥም ያሳስታል። ሬዚስታንስ የሽቦው ርዝመትና ቅጥነት ውጤት ነው እንጂ የድምፅ መለኪያ አይደለም። የድሮዎቹ ሃምባከሮች በቁጥር 42 ሽቦ ይጠመጠማሉ፤ ውፍረቱ 0.063 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኃይለኞቹ 43 ወይም 44 ይጠቀማሉ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል። ከ42 ወደ 44 ሲኬድ ለአንድ ዓይነት ርዝመት ሬዚስታንሱ በ60 በመቶ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ በቁጥር 44 ሽቦ 16 ኪሎ ኦም የሚነበበው ፒክአፕ የያዘው የሽቦ ርዝመት በ42 ቢጠመጠም 10 ኪሎ ኦም ብቻ ነበር የሚያሳየው። ካታሎግ ላይ ኢንዳክታንሱ ካልተጻፈ 16 ከ8 እጥፍ ነው ብሎ መገመት ገንዘብ ማባከን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ጊታሩ ጤነኛ መሆኑ ይታወቅ። ኬብሉን ጃኩ ላይ ሰክተው፣ ስዊቹን ወደ ብሪጁ አዙረው፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ከፍተው የኬብሉን ሌላ ጫፍ በመልቲሜትር ይለኩ። 8 ኪሎ ኦም የሆነ ፒክአፕ 7.9 አካባቢ መነበብ አለበት፤ የቮልዩሙ 500 ኪሎ ኦም በጎን ስለሚገባ ትንሽ ይቀንሳል። 4 አካባቢ ከተነበበ አንዱ ጥቅል ብቻ ነው የሚሠራው። 2 ከሆነ ሁለቱ ጥቅሎች በተከታታይ ሳይሆን ጎን ለጎን ተበይደዋል፤ ያኔ ኢንዳክታንሱ አንድ አራተኛ ስለሚሆን ድምፁ እንደ መስታወት ስል ይሆናል። ንባቡ ትክክል ሆኖ ድምፁ ግን የደከመና ቤዝ አልባ ከሆነ ሁለቱ ጥቅሎች ተቃራኒ ፌዝ ላይ ናቸው (የአንዱ ሲግናል የሌላውን ያጠፋል)፤ የአንዱን ሁለት ሽቦ ማገላበጥ ነው። እነዚህን ሳያጣራ ፒክአፕ የሚያዝ ሰው በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እየገዛ ነው።

ደጋፊ፦

ምርመራው ይቅደም፣ አልቃወምም። ግን የብየዳ ስሕተት ተገኝቶ ከተስተካከለ ክርክሩም አበቃ ማለት ነው። እኛ የያዝነው ብየዳው ትክክል ሆኖም የሚወጋውን ጊታር ነው።

ወደ ካፓሲተሩ ልምጣ። ካፓሲተር ጫፉን ያንቀሳቅሳል፤ ከጫፉ በታች ላለው ድምፅ ግን ምንም አይጨምርም። ኢንዳክታንስ ከዙሩ ብዛት ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። ስለዚህ ከ4.5 ወደ 8 ሄንሪ መሄድ 33 በመቶ ዙር መጨመር ነው፤ ማግኔቱ ያው ከሆነ ቮልቴጁም በዚያው መጠን፣ በዴሲቤል 2.5 ገደማ ይጨምራል። ያ ጭማሪ ወፍራሙንም መካከለኛውንም ድምፅ ያነሳል። የእርስዎ መንገድ የሳሳውን ድምፅ በብርድ ልብስ ይሸፍነዋል እንጂ ሥጋ አይሰጠውም።

ብዙዎች ወደ ግራውንድ የሚያስገቡትን ሬዚስተርም ከአሁኑ ላንሳው፤ መምጣቱ አይቀርም። ቮልዩሙ ላይ 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በጎን ቢበየድ 500ው ወደ 242 ይወርዳል፣ ጫፉም ይደፈጠጣል። ይህ ጊታር ግን አንድ ቮልዩም ብቻ ነው ያለው። በፊትም ጨለም የሚለው የአንገቱ ፒክአፕ አብሮ ይታፈናል።

ተቃዋሚ፦

የሚታፈነው ሬዚስተሩ ቮልዩሙ ላይ ከተበየደ ነው። መምረጫ ስዊቹ ላይ፣ የብሪጁ ፒክአፕ ሽቦ በሚገባበት እግርና በግራውንድ መካከል ሲበየድ የአንገቱ ፒክአፕ ብቻውን ሲመረጥ ከመስመሩ ውጭ ይሆናል። ሁለቱ ፒክአፖች አብረው በሚሠሩበት የስዊቹ መሐለኛ ቦታ ላይ ብቻ ሁለቱንም ይነካል። በ1 ሜጋ ኦም መጀመር ይሻላል፤ 500ውን ወደ 333 ያወርደዋል። ካልበቃ 470 ኪሎ ኦም። ፖቶች በ20 በመቶ ሊዛቡ ስለሚችሉ «500» የተጻፈበት 400 ወይም 600 ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ ይለካ። አንዳንዱ ጊታር የሚወጋው ፖቱ 600 ስለሆነ ብቻ ነው።

ስለ 2.5 ዴሲቤል ደግሞ፣ ያን ያህል ልዩነት በቁመት ማስተካከያው ብሎን ይገኛል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነው ከፒክአፑ ብሎን ራስ እስከ ክሩ ሥር ይለኩ። በወፍራሙ ክር በኩል 2፣ በቀጭኑ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ የቀጭኑን በኩል ወደ 2 ወይም 2.5 ዝቅ ማድረግ፣ በአንደኛውና በሁለተኛው ክር ሥር ያሉትን ብሎኖች ግማሽ ዙር ወደ ውስጥ ማስገባት፣ የአንገቱን ፒክአፕ ደግሞ ዝቅ ማድረግ። የሁለቱ ሚዛን በካቻቢቴ ብቻ ይስተካከላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ የሚቀየረው ማግኔቱ ነው። አልኒኮ 5 ከሆነ በአልኒኮ 2 ወይም 4 ይተካ፤ የተለመደው ልክ 63 በ12.7 በ3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክዳን በሌለው ፒክአፕ ከታች ያሉትን አራት ብሎኖች ማላላት፣ የድሮው ማግኔት ከመውጣቱ በፊት የትኛው ጎኑ ሰሜን እንደሆነ በኮምፓስ ማወቅ፣ አዲሱን በዚያው አቅጣጫ ማስገባት። አቅጣጫው ከተገለበጠ ብሪጁ ብቻውን ደህና ይሰማል፤ መሐለኛው ላይ ግን ከአንገቱ ጋር ይጣላል። የእርስዎ የከስተም ቤተሰብ ራሱ የሚመሰክረው ለእኔ ነው፤ ጥምጥሙ አንድ ሆኖ ማግኔቱ ብቻ ድምፁን ይህን ያህል ከለወጠው ዙሩን ለምን እንነካለን?

ደጋፊ፦

ዙሩን የምንነካው ማግኔት ለስላሳ ሲሆን ጉልበትም ስለሚቀንስ ነው። በ8 ኪሎ ኦም ጥምጥም ላይ አልኒኮ 2 ሲገባ ብሪጁ ይለሰልሳል፣ ይደክማልም። በ14 ኪሎ ኦሙ ላይ ሲገባ ግን ማግኔቱ ያጎደለውን ዙሩ ይሞላል። ጥምረቱ ነው የሚሠራው። ማግኔት መቀየርንም አናቅልለው። በሰም የተነከረ ፒክአፕ ሰሙ ሳይለሰልስ ማግኔቱ ከተገፋ የ0.06 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበጠሳል፣ ከዚያ ወዲያ ፒክአፑ አለቀለት። ፋብሪካው የገጠመው ሴራሚክ ሲሆን ደግሞ አንዳንዴ ውፍረቱ ይለያል፤ አልኒኮው በጥቅሎቹ መሐል ያሉትን ብሎኖችና ሲሊንደሮች በደንብ ካልነካ ድምፁ ይዳከማል።

አዲስ የሚገጥም ሰው ሦስት ነገር ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው የክሮቹ ስፋት ነው። ብሪጁ ላይ ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ክር መሐል ይለካ፤ 53 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ ሰፊው ዓይነት፣ 49 ወይም 50 ከሆነ ጠባቡ ይታዘዝ። ሁለተኛው የሽቦ ቀለም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በሲሞር ደንከን ጥቁር ሲግናል ነው፣ ቀይና ነጭ እርስ በርስ ይበየዳሉ፣ አረንጓዴና ራቁቱ ሽቦ ወደ ግራውንድ ይሄዳሉ። በሌላው አምራች በዲማርዚዮ ሲግናሉ ቀይ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴና ራቁቱ ግራውንድ ናቸው። ደንከኑን በዲማርዚዮ ሥዕል የበየደ ሰው የአንዱን ጥቅል ሁለት ጫፎች እርስ በርስ አገናኘ ማለት ነው። 14 የነበረው 7 ይነበባል፣ ድምፁ ይሳሳል፣ ሃም (የ«እምም» ጫጫታ) ይመጣል፣ ከዚያ ፒክአፑ ይታማል። ሦስተኛው ቁመት ነው። ኃይለኛው ፒክአፕ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ራቅ ብሎ ይጀምር፤ በጣም ሲጠጋ አምፑን አፍኖ የልዝቡን ማግኔት ድምፅ ያጨቀየዋል።

ተቃዋሚ፦

ብሪጁ ላይ ሁልጊዜ በዲስቶርሽን ብቻ ለሚጫወት፣ ጊታሩም አንድ ፒክአፕ ብቻ ላለው፣ ከስተም ከስተምን የመሰለ ምርጫ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን ይታወቅ፤ በአልኒኮ 2 ያ ዙር ሁሉ ሲከማች ቤዙ ይላላል። ክሩ ወደ ታች ለተቃኘ ጊታርና በመዳፍ ታፍኖ ለሚመታ ፈጣን ሪፍ አይሆንም።

ንጹሕ ድምፅ ለሚፈልግ ግን አሁንም እቃወማለሁ። ኃይለኛውን ፒክአፕ ለማጥራት ቮልዩሙን ወደ 4 ወይም 5 ማውረድ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ የፖቱ ሬዚስታንስ ከኬብሉ ካፓሲታንስ ጋር ተባብሮ የቀረውን ትሬብል (ቀጭኑን ድምፅ) ይወስዳል። 8 ኪሎ ኦሙ ግን ቮልዩሙ 7 ወይም 8 ላይ እያለ ይጠራል፣ የክሮቹም ልዩነት አይጠፋም።

ደጋፊ፦

እሱማ መፍትሔ አለው። በቮልዩሙ መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል 1 ናኖፋራድ ካፓሲተርና 150 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጎን ለጎን ይበየዱ፤ ቮልዩሙ ሲወርድ ትሬብሉ ይቆያል።

ተቃዋሚ፦

ይቆያል፤ ከአንገቱ ፒክአፕ ጋርም ይቆያል፣ ቮልዩሙ አንድ ስለሆነ። አንገቱ ላይ ቮልዩም ቀንሶ ድምፁን ማጨለም የለመደ ተጫዋች ያንን ያጣል። እኔ መጀመሪያ የ1 ሜጋ ኦሙን ሬዚስተር ስዊቹ ላይ እበይዳለሁ፤ ማግኔት የሚከፈተው ጊታሩ በዚያ ካልተሻለው ነው፣ አዲስ ፒክአፕ የሚታዘዘውም ማግኔቱም ካልበቃ።